ማድሊን ማካን፦ መልስ ያጡት ጥያቄዎችና መዝገቡ የሚለው

ስለ እንግሊዛዊቷ ሕፃን ማድሊን መጥፋት የሚዞረው ወሬ ብዙ ነው፤ በይፋ የሚታወቀው ግን ከሚታሰበው ያንሳል። እዚህ የሰፈረው ከፖርቱጋል ፖሊስ መዝገብ፣ ከስኮትላንድ ያርድ (ከለንደን ፖሊስ) እና ከጀርመን ዐቃቤ ሕግ መግለጫዎች የሚታወቀው ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰነዋል፤ «ከምሽቱ 4 ሰዓት» ስንል በፖርቱጋል የግድግዳ ሰዓት 22፡00 ማለታችን ነው።

በአጭሩ ምን ሆነ?

ሐሙስ ሜይ 3 ቀን 2007 ማታ (በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.)፣ በደቡብ ፖርቱጋል አልጋርቭ ጠረፍ ላይ ባለችው ፕራያ ዳ ሉዝ፣ አራተኛ ልደቷ ዘጠኝ ቀን የቀረው ማድሊን ከተኛችበት ክፍል ጠፋች። ወላጆቿ ኬትና ጄሪ ማካን ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፤ ከእንግሊዝ ለዕረፍት መጥተው በአንድ ሪዞርት ምድር ቤት፣ 5ኤ በሚባል አፓርታማ ያረፉ። እዚያው ክፍል ተኝተው የነበሩት የሁለት ዓመት መንትያ ታናናሾቿ አልተነኩም። ሰው እየጮኸ ሲገባና ሲወጣ እንኳ አልነቁም።

ወላጆቹ የነበሩት ምን ያህል ርቆ ነው?

እራት ይበሉ የነበረው በዚያው ሪዞርት፣ መዋኛ ገንዳው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ነው። በቀጥታ ቢለካ 50 ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር ግን ዞሮ ነው የሚደረሰው። ዘጠኝ ጎልማሶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እየተነሱ ልጆቻቸውን ያዩ ነበር። ከጠረጴዛው የሚታየው የአፓርታማው የጓሮ ጎን ነው። የልጆቹ መስኮት ግን በተቃራኒው፣ መኪና ማቆሚያው ወዳለበት ዞሯል። ስለዚህ ቤቱ ከዓይናቸው አልራቀም የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

በዚያው ዕለት ጠዋት ማድሊን፣ ትናንት ማታ ስናለቅስ ለምን አልመጣችሁም ብላ መጠየቋን የተናገሩት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። በዋዜማው ሌሊት ቤቱ የገባ ሰው ነበር ወይስ ልጆቹ እንደማንኛውም ሕፃን ባንነው ነው? መዝገቡ መልስ የለውም።

በትክክል የተወሰደችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ጥያቄ ነው፤ የሚንጠለጠለውም በአንድ የክፍል በር ላይ ነው።

ወላጆቹ ሲወጡ የልጆቹን በር ገርበብ አድርገው ትተውታል። አባትየው 3፡05 ገደማ ሲመለስ ከተወው ሰፋ ብሎ ተከፍቶ አገኘው። ማድሊን ተነስታ እንደሆነ ብሎ ሲያይ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። በሩን መልሶ ገርበብ አድርጎ ሄደ። 3፡30 ላይ ከጓደኞቻቸው አንዱ በእናትየው ፈንታ ሊያይ ሄደ። እሱም በሩን ተከፍቶ አገኘው፤ ከቆመበት የመንትዮቹ አልጋዎች ይታዩታል፣ የማድሊን ግን አይታይም። ድምፅ ስላልሰማ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ተመለሰ። 4 ሰዓት ላይ እናትየው ገብታ በሩን ልትመልስ ስትል ነፋስ ገፍቶ አላተመው። ከፍታ ስታይ መስኮቱ ተከፍቷል፣ የውጭ መዝጊያው ተነስቷል፣ አልጋው ባዶ ነው።

ስለዚህ ልጅቷ በእርግጠኝነት የታየችው 3፡05 ላይ ነው፤ መጥፋቷ የታወቀው 4 ሰዓት ላይ። መሃሉ 55 ደቂቃ ነው። ጓደኛቸው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጊዜ በግማሽ ያጥር ነበር። በሩ ከ3፡05 በፊት መንቀሳቀሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠቁማል፤ አባትየው ልጁን ቆሞ ሲያይ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ነበር ይሆን? ይህን ጥርጣሬ በኋላ ራሱ አባትየው አንስቶታል። ነገር ግን የበር ስፋት በዓይን ግምት የተነገረ ነው፤ ያን ማታ ሜትር የያዘ ሰው አልነበረም። ሕፃን ልጅም ተነስቶ በር ይከፍታል።

ሰውዬው የገባው በመስኮት ነው በበር?

በጓሮ በኩል ያለው ተንሸራታች በር አልተቆለፈም ነበር፤ ወላጆቹ ራሳቸው ሲመላለሱ እንዲገቡበት ነው የተዉት። የፈለገ ሰው ምንም ሳይሰብር ይገባል። መስኮቱ በኃይል ተፈልቅቋል ተብሎ መጀመሪያ ቢወራም ምርመራው የመሰበር ምልክት አላገኘም። ታዲያ መስኮቱ ለምን ተከፈተ? ልጅቷን ለሌላ ሰው ለማቀበል፣ ሰው ቢመጣ ለማምለጥ፣ ወይም መርማሪን ለማሳት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ አንዳቸውም አልተረጋገጡም።

ልጅ አቅፎ ሲሄድ የታየው ሰውዬ ማን ነው?

ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ወሬው አንድ ያደርጋቸዋል።

የመጀመሪያውን 3፡15 ገደማ ከአፓርታማው አጠገብ ያየችው ከእራት ጓደኞቻቸው አንዷ ናት። ምርመራው ለስድስት ዓመት ያህል በዚህ ሰውዬ ዙሪያ ተሽከረከረ። ኦክቶበር 2013 ላይ ስኮትላንድ ያርድ ሰውዬው በሪዞርቱ የማታ መዋያ ትቷት የነበረችውን ልጁን ይዞ የሚመለስ እንግሊዛዊ ቱሪስት ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቀ። በዚህ ምክንያት የጠለፋው ሰዓት 3፡15 መሆን ቀርቶ እስከ 4 ሰዓት ተለጠጠ። እስከዚያ ድረስ «ያን ሰዓት የት ነበርክ» የሚለው ጥያቄ፣ የስልክ ፍተሻው፣ የመኪናው ክትትል ሁሉ የተሰላው በተሳሳተ ሩብ ሰዓት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውን 4 ሰዓት ገደማ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሲወርድ ያየው ለዕረፍት የመጣ የአየርላንድ ቤተሰብ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓመት የምትሆን፣ ቢጃማ የለበሰች ልጅ አቅፏል። በወላጆቹ ወገን የተቀጠሩ የግል መርማሪዎች በ2008 የዚህን ሰው ሁለት የፊት ምስል አሠርተው ነበር፤ ለሕዝብ የወጣው ግን በ2013 ነው። አምስት ዓመት! ሰውዬው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያን ሌሊት ምን ተበላሸ?

ብዙ ነገር። ሌሎቹ ጥያቄዎች መልስ ያጡት በአብዛኛው አንድ ሰው የደበቀው ምስጢር ስላለ ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጠፋው ነገር ተመልሶ ስለማይገኝ ነው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ክፍሉ። እንግዳው፣ የሪዞርቱ ሠራተኛ፣ ጓደኛው፣ የገጠር ፖሊሱ ሁሉ ገብቶ ወጥቷል። መስኮቱና መዝጊያው ተነካክቷል። ሕጉ ቀላል ነው፤ አንድ በር ብቻ ክፍት ይሆናል፣ በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሞ የሚገባውን ሰው ስምና ሰዓት ይጽፋል፣ ባለሙያ እስኪመጣ አንሶላም ትራስም አይነሳም። ይህ ሲቀር ከክፍሉ የሚነሳው ፀጉርና የጨርቅ ብናኝ የጠላፊው ይሁን የአጽናኙ መለየት አይቻልም። ይባስ ብሎ አፓርታማው በኋላ ለሌሎች እንግዶች ተከራይቷል፤ አነፍናፊ ውሾቹ የደረሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ድንበሩ። መጀመሪያ የደረሱት የአካባቢው ጠባቂ ፖሊሶች ነገሩን ተነስታ የጠፋች ልጅ አድርገው ነው የያዙት። የወንጀል ምርመራ ሥልጣን ያለው የፍትሕ ፖሊስ ነው፤ እሱ የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሌላ ከተማ፣ ከፖርቲማው ነው። ከአካባቢው እስከ ስፔን ድንበር በአውራ ጎዳና 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። የድንበር ፖሊስ መልኳን ይዞ መፈለግ የጀመረው ከሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ድንበር ተሻግሮ ማደር ይቻል ነበር።

ሦስተኛው ዝምታው ነው። በፖርቱጋል ሕግ ምርመራ ላይ ያለ መዝገብ ምስጢር ስለሆነ ፖሊስ ለጋዜጠኛ መናገር አይችልም። በመቶ የሚቆጠር ጋዜጠኛ ከተማዋን ሞልቶ የሚነግረው ሲያጣ ወሬውን ራሱ አመረተ። አንዳንዶቹ በኋላ ከፈሉ፤ የኤክስፕረስ ጋዜጦች በ2008 ለወላጆቹ 550,000 ፓውንድ ከፍለው በፊት ገጻቸው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ውሾቹ የሬሳ ሽታ አግኝተው የለ?

በ2007 ክረምት ከእንግሊዝ ሁለት ውሾች መጥተው ነበር። አንዱ ለሬሳ ሽታ፣ አንዷ ለደም የሠለጠኑ። አፓርታማው ውስጥና ቤተሰቡ በተከራየው መኪና ላይ ምልክት ሰጡ። መኪናው የተከራየው ልጅቷ ከጠፋች ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ መሆኑን ልብ ይበሉ።

የውሻ ምልክት እዚህ ጋ ቆፍር ማለት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። የውሾቹ አሠልጣኝ ራሱ ምልክቱ በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ ዋጋ እንደሌለው በሪፖርቱ ጽፏል። ምልክት በተሰጠበት ቦታ ናሙና ተነስቶ ወደ በርሚንግሃም ላቦራቶሪ ተላከ። ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

ዲኤንኤው ከ19 ነጥብ በ15 ተገጣጥሞ ለምን በቂ አልሆነም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የማድሊን የዲኤንኤ መለያ 19 ነጥቦች ነበሩት። ከመኪናው የተነሳው ናሙና ውስጥ ከነዚህ 15ቱ ታዩ። ነገር ግን ናሙናው በጠቅላላው 37 ነጥቦች ነበሩት፤ ላቦራቶሪውም ቢያንስ የሦስት ሰው ዲኤንኤ የተደባለቀበት ነው ብሏል።

እንዲህ እናስበው። አንድ ከረጢት ውስጥ የብዙ ሰው ስም ፊደላት ተቆራርጠው ተደባልቀዋል። «ማድሊን» ለማለት የሚያስፈልጉት ፊደላት አብዛኞቹ ከረጢቱ ውስጥ አሉ። ይህ ግን የማድሊን ስም ከረጢቱ ውስጥ ነበር ማለት አይደለም፤ ፊደሎቹ ከሦስት ሌሎች ስሞች ተለቃቅመው ሊሆን ይችላል። ለዚያውም መኪናውን የነዱት ወላጆቿ ናቸው፣ የተሳፈሩት ወንድምና እህቷ ናቸው፤ የእሷ ነጥቦች ሁሉ የመጡት ከእናትና አባቷ ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ በጽሑፍ ያሳወቀውም ትርጉም ሊሰጠው የማይችል ውስብስብ ድብልቅ መሆኑን ነው። ምርመራው ቡድን ውስጥ ግን «15 ከ19» የምትለዋ ቁጥር ብቻዋን ተሰማች።

ወላጆቹ ተጠርጣሪ ነበሩ አይደል? እናትየው 48 ጥያቄ አልመልስም ብላለች ይባላል።

ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚሰጠው ትርጉም ግን ትክክል አይደለም።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 2007 ሁለቱም «አርጊዶ» ተባሉ። ቃሉ በአማርኛ «ተጠርጣሪ» ተብሎ ቢተረጎምም፣ በፖርቱጋል ሕግ ከክስ በፊት የሚሰጥ ሕጋዊ ደረጃ ነው። ለተጠያቂው ጠበቃ ይዞ የመቅረብና ዝም የማለት መብት ይሰጠዋል፤ ተራ ምስክር ዝም ማለት አይችልም። እናትየው 48ቱን ጥያቄ በጠበቃዋ ምክር አልመለሰችም። ዝምታ ጥፋትን ማመን አይደለም። ይሁንና ልጅ ለጠፋባት እናት መመለሱ አይሻልም ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ጁላይ 21 ቀን 2008 የፖርቱጋል ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ የለም ብሎ ደረጃውን አነሳ፣ መዝገቡንም ዘጋ።

ጀርመናዊው ካደረገው ለምን አይከሰስም?

ጁን 2020 የጀርመን ፖሊስ በእስር ላይ ያለ የ43 ዓመት ጀርመናዊ በማድሊን ግድያ እንደሚጠረጠር አስታወቀ። የጀርመን ጋዜጦች «ክርስቲያን ቢ.» ይሉታል። እሱ እጄ የለበትም ይላል፤ በዚህ ጉዳይም ክስ አልተመሠረተበትም።

በይፋ የታወቀው ይህ ነው። በአካባቢው ለዓመታት ኖሯል። በ2005 እዚያችው ፕራያ ዳ ሉዝ ውስጥ አንዲት የ72 ዓመት አሜሪካዊት አስገድዶ በመድፈር በ2019 ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። ሜይ 3 ቀን 2007 ከምሽቱ 1፡32 እስከ 2፡02 የእሱ ነው የተባለ ስልክ በፕራያ ዳ ሉዝ አካባቢ ጥሪ ተቀብሏል። በማግስቱ የጃጓር መኪናው በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ።

ጠንካራ ይመስላል። ጠበቃ ሆነን ስናየው ግን፦ ስልክ ከአንቴና ጋር ሲገናኝ የሚነግረን ሰውዬው አካባቢው ውስጥ መሆኑን ነው እንጂ የትኛው በር ላይ እንደቆመ አይደለም፤ ለዚያውም አካባቢው መኖሪያው ነበር። ጥሪው ያበቃው ልጅቷ ከመጥፋቷ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የደወለለት ሰው ማን እንደሆነ ፖሊስ ሕዝቡን ጠይቋል፤ ተገኝቶ ቢሆን እንኳ አልተነገረም። አስከሬን የለም፣ ያየ የለም፣ ከክፍሉ የተነሳ የሱ ዲኤንኤ አለ የሚል ይፋ መግለጫ የለም። ዐቃቤ ሕጉ ልጅቷ ስለመሞቷ ተጨባጭ ማስረጃ አለን ቢልም ለሕዝብ አላሳየም።

ሜይ 2023 ላይ ከፕራያ ዳ ሉዝ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የአራዴ ግድብ ዳርቻ፣ ጁን 2025 ደግሞ በከተማዋ አቅራቢያ ያለ ቁጥቋጦና የፈራረሱ ቤቶች ተፈትሸዋል። ጉዳዩን ፈታ የተባለ ግኝት የለም። ሰውዬው በሌሎች የወሲብ ወንጀል ክሶች ኦክቶበር 2024 ነፃ ተብሎ፣ የ2019ኙን ቅጣት ጨርሶ ሴፕቴምበር 2025 ከእስር ወጣ።

ፖርቱጋል በ2022 ለምን ድንገት «አርጊዶ» አደረገችው?

ይርጋው ነው። በፖርቱጋል ለከባድ ወንጀል የክስ ጊዜው 15 ዓመት ነው፤ ሜይ 3 ቀን 2022 ሊሞላ ቀናት ሲቀሩ ደረጃው ተሰጠው፣ ሰዓቱም ቆመ። በጀርመን ግን የግድያ ወንጀል ይርጋ የለውም።

በሕይወት ትኖር ይሆን?

የጀርመን ዐቃቤ ሕግ ሞታለች ይላል፤ የለንደን ፖሊስ እስከ ዛሬ መዝገቡን የያዘው በጠፋ ሰው ነው። ይህን ልዩነት የሚፈታ ማስረጃ ለሕዝብ አልቀረበም።

«ማድሊን እኔ ነኝ» ያሉ ሴቶችስ?

ይህን ማጣራት ቀላል ነው። የማድሊን ዲኤንኤ የተገኘው እንግሊዝ ካለው መኖሪያ ቤታቸው ከመጣ የትራስ ልብስ ነው፤ ሪዞርቱ ውስጥ ያለው ዕቃ የተነካካ ስለነበር። ከወላጆቿ ጋርም ተመሳክሯል። ምራቅ ሰጥቶ ማነፃፀር የቀናት ሥራ ነው። በፎቶ መመሳሰል ግን ምንም ማለት አይደለም። የቀኝ ዓይኗ ብሌን ወደ ታች የፈሰሰ የሚመስል ምልክት እንኳ በፎቶ ማቀነባበሪያ በደቂቃ ይሠራል።

ለአንዲት ልጅ ከ13 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ፤ ለሌሎቹስ?

ቅሬታው ተገቢ ነው። የለንደን ፖሊስ ከ2011 ጀምሮ ያወጣው ይህን ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የጠፉ ብዙ ሕፃናት አንድ ቋሚ መርማሪ እንኳ አላገኙም። ሐኪም ወላጆች፣ ካሜራ ፊት መቆም የሚችሉ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ መሆናቸው ረድቷቸዋል። ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም።

ልጅ ቢጠፋብን ከዚህ መዝገብ ምን እንወስዳለን?

ቤቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን አሥር ደቂቃ ፈትሹ፤ ከዚያ ፖሊስ ጥሩ። 24 ሰዓት ጠብቁ የሚል ሕግ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲያውም ፖሊስ እንዳያስጠብቅ በሕግ ተከልክሏል። አዲስ አበባ 991፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 100፣ አውሮፓ 112 ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለጠፋ ልጅ ብቻ የተመደበ 116000 የሚባል መስመርም አለ።

ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ ሳሎን አስቀምጡት፤ የልጁ ክፍል በር ላይ አንድ ዘመድ ይቁም። አልጋ አታንጥፉ። የትራስ ልብሱንና የጥርስ ብሩሹን ፖሊስ ሲጠይቅ በወረቀት ከረጢት ስጡ፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ፎቶው ከስድስት ወር የበለጠ የቆየ አይሁን፤ አንድ የፊት፣ አንድ ሙሉ ቁመት። የለበሰውን ጫማ ጭምር ተናገሩ፤ ጃኬት ይወልቃል፣ ጫማ ብዙ ጊዜ አይቀየርም።

ውጭ አገር ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ቃል ስትሰጡ ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ጻፉና በወረቀት አሳዩ። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አየኋት» ያለች እናት ቃል በአስተርጓሚው አፍ 3፡00 ሆኖ ከወጣ፣ ፖሊሱ ቁጭ ብሎ የሚያየው የካሜራ ቅጂ በስድስት ሰዓት የሳተ ነው።